የዝንጅብል ብስኩት ቤታችን ለምን ፈረሰ?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ዓመት ከልጆቼ ጋር የዝንጅብል ብስኩት ቤት፣ ማለትም ግድግዳውም ጣሪያውም ብስኩት የሆነ ትንሽ የጌጥ ቤት፣ ለመሥራት ሞክረን ነበር። ሊጡን ከሰዓት በኋላ አቡክተን ማታውኑ ልናቆመው ብንል ግድግዳው ጎበጠ፣ ጣሪያው ተንሸራተተ፣ ትንሿ ልጄም እያለቀሰች ተኛች። ልጆቼ 13፣ 8 እና 4 ዓመታቸው ነው፤ እናቴም አብራን ትኖራለች። ዘንድሮ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሳልገዛ ከሊጡ ጀምረን ራሳችን ልንሠራው እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ሊጥና ማጣበቂያ ይሻላል? ሥራውን ለቤተሰቡ እንዴት ላከፋፍለው? በመጨረሻስ ይበላል ወይስ ለጌጥ ብቻ ነው?»

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በከሰዓቱና በማታው መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ላይ ነው። በአንድ ከሰዓት ተቦክቶ፣ ተጋግሮ፣ ቆሞና አጊጦ የሚያልቅ የዝንጅብል ብስኩት ቤት የለም። አለ ከተባለም ጣሪያውን አንድ ሰው ከኋላ በእጁ ደግፎ ይዞታል። ሥራው ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ሦስቱም ቀን ግን አጫጭር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሊጡ ይቦካል፣ ይጋገራል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳዎቹ በተኙበት ይጌጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይቆማሉ። በሦስተኛው ቀን ጣሪያውና ግቢው ይጌጣል። በመካከል ያሉት ሁለት ሌሊቶች ባዶ ይመስላሉ እንጂ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው፤ ብስኩቱ የሚደርቀውም ማጣበቂያው የሚጠነክረውም ቤተሰቡ ሲተኛ ነው።

ያ የጎበጠ ግድግዳ ከምድጃ ሲወጣ ደኅና እንደነበር እገምታለሁ። ትኩስ ብስኩት ምንጊዜም ለስላሳ ነው፤ በውስጡ ያለው ስኳርና ማር ገና እንደ ቀለጠ ነው። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ለብዙ ሰዓታት ከመሐሉ እርጥበት እየለቀቀ ይደርቃል። በዚህ መሐል እርጥብ አይሲንግ (ከእንቁላል ነጭና ከዱቄት ስኳር የሚመታው ማጣበቂያ) ሲቀባ ብስኩቱ ውሃውን ከአይሲንጉ ይጠጣል፣ ላዩ ላይም ጣሪያ ሲጫንበት ይጎብጣል። የጣሪያው መንሸራተት ሌላ ምክንያት አለው፤ እመለስበታለሁ።

ከሊጡ እንጀምር። በየቦታው ከሚገኙት አሠራሮች አብዛኞቹ የተጻፉት ለሚበላ ብስኩት ነው፤ ቅቤ በዛ ይላል፣ ቤኪንግ ሶዳም ይገባበታል። ቅቤ ብስኩቱን አፍ ውስጥ በቀላሉ እንዲፈረፈር ያደርገዋል፤ ለጥርስ የሚስማማው ይኸው ባሕርይ ለግድግዳ ድክመት ነው። ሶዳው ደግሞ ሊጡን ምድጃ ውስጥ ያናፋዋል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ጠርዝ ይሰፋና ይድቦለቦላል፣ አራት ማዕዘን የነበረው ግድግዳም ትራስ መስሎ ይወጣል። ትራስን ከትራስ ጋር ቀጥ አድርጎ ማገጣጠም አይቻልም። ስለዚህ ለቤት የሚሆነው ሊጥ ሶዳም ሆነ ቤኪንግ ፓውደር አይገባበትም፤ ቅቤውም ልከኛ ይሆናል።

እኔ የምጠቀምበት ልኬት ይህ ነው። 650 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 180 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 220 ግራም ማር ወይም ሞላሰስ፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅቤው፣ ስኳሩና ማሩ በአንድ ድስት በዝቅተኛ እሳት ይቀልጣሉ፤ መፍላት አያስፈልጋቸውም። ለብ እስኪል ይጠበቃል፤ ትኩስ ሳለ እንቁላል ከገባበት እንቁላሉ ይበስልና ሊጡ ውስጥ ነጫጭ ጓል ይቀራል። ከእንቁላሉ በኋላ ቅመሙና ዱቄቱ ይጨመራል፣ ይታሻል። ሊጡ ከተሰነጣጠቀ ውሃ በማንኪያ እየተጨመረ ይስተካከላል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ግን ዱቄት ለመጨመር አይቸኩሉ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠነክራል። ለሌላ ብስኩት ሊጥን ብዙ አትሹ እላለሁ፤ ለቤት ግን ትንሽ በዛ ብሎ መታሸቱ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይረፍ። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ይሰበሰባል፣ ምድጃ ውስጥም ልኩን ያጣል።

ማር ወይስ ሞላሰስ የሚለው የጣዕምና የመልክ ጉዳይ ነው። ሞላሰስ ጠቆር ያለና መረር የሚል ቤት ይሰጣል፣ ማር ደግሞ ቀላ ያለና ለልጆች የሚጣፍጥ። ሁለቱም ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አላቸው። «እንዲጣፍጥ» ተብሎ ማር የተጨመረበት ቤት በሳምንቱ የሚዘነበለው ለዚህ ነውና ከልኬቱ አይለፉ።

ቅመሙን ለእናትዎ ይተዉላቸው። የጠቀስኩት መጠን መነሻ ነው፤ ዝንጅብሉን ማብዛት፣ ሄል ወይም ገውዝ መጨመር ግንባታውን አይጎዳም፤ አፍንጫ ያለው ሰው ይወስን። የዚህ ብስኩት ታሪክም ከቅመም የማይለይ ነው። በጀርመን የኑረምበርግ ከተማ የቅመም ንግድ መስመሮች የሚገናኙባት፣ በዙሪያዋ ያለውም ደን ማር የሚሰጥ ስለነበር ሙያው እዚያ ሥር ሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1643 ጋጋሪዎቹ የራሳቸው ማኅበር ኖራቸው።

ሊጡ በሚያርፍባት ሰዓት የ13 ዓመቱን ልጅዎን ካርቶን፣ ማስመሪያና መቀስ ሰጥተው ያስቀምጡት። ንድፉ የእርሱ ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ቤት የምመክረው ልክ ይህ ነው፦ የፊትና የኋላ ግድግዳ ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ላይ ሦስት ማዕዘኑ መሐል ላይ 18 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ። የጎን ግድግዳዎቹ 18 በ10 ሴንቲ ሜትር። የጣሪያው ሁለት ክንፎች እያንዳንዳቸው 21 በ13። የጣሪያው ልክ ከየት እንደመጣ እርሱ ራሱ ያስላው፤ ከግድግዳው ጎን እስከ አናት 8 ወደ ላይ፣ 8 ወደ መሐል ስለሆነ ተዳፋቱ 11.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የቀረው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ክፈፍ የሚሆነው ነው። በክፍል ውስጥ የተማረው የፓይታጎረስ ቀመር ጣሪያ ሲሆንለት ያያል። ካርቶኑ ተቆርጦ ሲያልቅ ወደ ሊጡ ከመሄዳችሁ በፊት በማጣበቂያ ፕላስተር አያይዛችሁ የካርቶን ቤት አቁሙ። ስህተት ካለ እዚህ ላይ ይታያል፤ ካርቶን መልሶ መቁረጥ ደግሞ ቀላል ነው። ብዙ ሰው ይህችን እርምጃ ይዘልላታል፤ እኔ ግን የማላልፋት ነገር ብትኖር ይህች ናት።

ሊጡን በቀጥታ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ይዳምጡት። ጠረጴዛ ላይ ተዳምጦና ተቆርጦ ወደ ትሪ የሚሸጋገር ግድግዳ በእጅ ሲነሳ ይለጠጣል፣ ልኩም ያኔ ይጠፋል። ወረቀቱ ላይ ከተዳመጠ የሚነሳው በንድፉ ዙሪያ ያለው ትርፍ ሊጥ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ከነወረቀቱ ወደ ትሪው ይገባል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህን እኩል ለማድረግ 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት የእንጨት ዘንጎች ከሊጡ ግራና ቀኝ አስቀምጦ መዳመጫውን በእነርሱ ላይ ማሽከርከር ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ከብዙ አዋቂ አሳምሮ ይሠራዋል። በርና መስኮት አሁን ይቆረጣል። የተቆረጠውን የበር መዝጊያ አይጣሉት፤ ለብቻው ተጋግሮ በኋላ ገርበብ ብሎ ይለጠፋል። ከትሪው ጋር ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ ቅዝቃዜው ቅቤውን ስለሚያጠነክረው ጠርዙ ምድጃ ውስጥ አይሰፋም።

ምድጃው 175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሙቅ። ትልልቆቹ ቁርጥራጮች ከ15 እስከ 18 ደቂቃ፣ እንደ በር መዝጊያው ያሉት ትንንሾቹ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን በአንድ ትሪ አይቀላቅሉ። ለመብላት ቢሆን ቀደም ብለው ያወጡት ነበር። ለግድግዳ ግን ጠርዙ ጠቆር እስኪል፣ መሐሉ በጣት ሲነካ እስኪጠነክር ይጠብቁ።

ከምድጃ ሲወጣ ያለችው አንድ ደቂቃ ውድ ናት። ብስኩቱ ገና ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው፤ ቢላዋ ያለ ችግር ይገባበታል። የካርቶኑን ንድፍ በላዩ አስተካክለው ያሳርፉና ረጅም ቢላዋ በጠርዙ ላይ ከላይ ወደ ታች ይጫኑ፤ ወደ ራስዎ ከሳቡት ይሰነጠቃል። ከጎን እንደ ክር የቀጠነ ቁራጭ ይወርዳል፤ የሚቀረው ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለና ከላይ እስከ ታች እኩል ይሆናል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጠርዞች ሲገናኙ በመሐላቸው ብርሃን አያልፍም። ደቂቃዋ ካለፈች ብስኩቱ ይደርቅና በቢላዋ ሲነካ ይሰበራል፤ ያኔ የሚሻለው በደቃቅ መፈቅፈቂያ ቀስ እያሉ መሞረድ ነው። ትኩስ ትሪና ስለታም ቢላዋ ያለበት ሥራ ስለሆነ ይህን እርስዎ ይሥሩት። የተቆራረጠው ደግሞ የልጆቹ ድርሻ ነው፤ ቤቱን በዓይናቸው እየበሉ ከሚያዩት ያን ቢያላምጡ ይሻላል።

መስኮቱ ባዶ ቀዳዳ ሊቀር ይችላል፤ መስታወት ከፈለጉ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ጠጣር ከረሜላ በላስቲክ ጠቅልለው በመዳመጫ ይውቀጡት፤ ግድግዳው ሊበስል አራት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በቀዳዳው ውስጥ ነስንሰው ይመልሱት። ቀልጦ ይሞላዋል፣ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል። ወረቀቱ ከሥሩ እንደተቀመጠ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አይንኩት፤ የቀለጠ ከረሜላ ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል፣ ከቆዳም አይላቀቅም። የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት ተረት ውስጥ በጫካ ያለው የሚበላ ቤት ግድግዳው ዳቦ፣ ጣሪያው ኬክ፣ መስኮቱም ብርሃን የሚያሳልፍ ስኳር ነው። ዝንጅብሉን ኋላ ላይ የጨመሩት ጋጋሪዎቹ ናቸው፤ ዳቦውማ በሦስት ቀን ይሻግት ነበር።

ቁርጥራጮቹ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ተዘርግተው ይደሩ። አይደራረቡ፣ አይሸፈኑ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም አይግቡ።

አሁን ማጣበቂያው። የሁለት እንቁላል ነጭ፣ 400 ግራም ደቃቅ የዱቄት ስኳር እና አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ስኳሩ በወንፊት ይነፋ፤ አንዲት ጓል እንኳ ከቀረች አይሲንጉ የሚጨመቅበትን ከረጢት አፍ ትዘጋለች። የአራት ዓመቷ ልጅዎ ስኳር መንፋት እንደምትወድ አልጠራጠርም፤ ወለሉ ነጭ ይሆናል፣ ይሁን። ሳህኑ ብርጭቆ ወይም ብረት ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ ፕላስቲክ ቢታጠብም ቅባት አይለቅም፣ ቅባት ደግሞ እንቁላሉ አረፋ እንዳይዝ ያደርገዋል። የአስኳል ጠብታም እንዲሁ ናት። ስኳሩ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ በመምቻ አምስት ደቂቃ ያህል ይመታል። መድረሱን የሚያውቁት ማንኪያውን ነክረው ቀጥ አድርገው ሲያወጡት ነው። የቆመው ጫፍ ጎንበስ ካለ ለግድግዳ ገና ነው፣ ስኳር ይጨመርበት። ሹል ሆኖ ከቆመና ማንኪያውን ሲያነቃንቁት እንኳ ካልታጠፈ ደርሷል። ለጣሪያ በረዶ የሚሆነው ላላ ያለ አይሲንግ የሚሠራው ከዚሁ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሮ ነው። አይሲንጉ አየር ሲያገኘው ወዲያው ስለሚደርቅ ሳህኑ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። ለማቆሚያ አንድ ልክ፣ ለማስጌጫ ሌላ አንድ ልክ ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታዘጋጁ።

እንቁላሉ ጥሬ መሆኑን ልብ ይበሉ። አይሲንጉ አይበስልም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ይከፋል። በእርስዎ ቤት የአራት ዓመት ልጅም፣ አያትም ስላሉ በፋብሪካ በሙቀት የታከመ እንቁላል ነጭ ወይም የደረቀ የእንቁላል ነጭ ዱቄት ይጠቀሙ። አሠራሩ አይለወጥም። ጥሬ ሊጡንም አይቅመሱ፤ እንቁላሉ ብቻ ሳይሆን ያልበሰለ የስንዴ ዱቄትም ጀርም ሊኖረው ይችላል። በእንግድነት የሚመጣ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ ደግሞ ማር ያለበትን ብስኩት ፈጽሞ አይሰጠው፤ በማር ውስጥ የሚገኝ በሕፃን አንጀት የሚያድግ ጀርም መጋገሩ አይገድለውም።

አንዳንድ ባለሙያዎች በአይሲንግ ፋንታ የቀለጠ ስኳር ይጠቀማሉ። በሴኮንዶች ውስጥ ይይዛል፣ ጥንካሬውም የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ስኳር የሚቀልጠው ከ160 ዲግሪ በላይ ነው፤ ልጆች በዙሪያው በሚሽከረከሩበት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መታየት የለበትም። ደግሞም አንዴ ከያዘ አይስተካከልም። በአይሲንግ ጠምዘዝ ያለ ግድግዳ ለአንድ ደቂቃ ያህል መልሰው ማቅናት ይችላሉ።

የሁለተኛው ቀን ጠዋት የልጆቹ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን አቁሞ ከዚያ ግድግዳውን ለማስጌጥ ይታገላል፤ በቆመ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከረሜላ ግን ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንሽ ልጅ ስትጫነውም ግድግዳው ይናዳል። ሳይቆም ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ቢያስጌጡት ሁለቱም ችግር የለም። የስምንት ዓመቱ ልጅ በመስኮቶቹ ዙሪያ መስመር ያውጣ፤ ከረጢቱን ከላይ በኩል ጠምዝዞ በአንድ እጁ ይጫን፣ በሌላኛው ይምራ። ጠንከር ያለ የላስቲክ ከረጢት ጥጉ በቀጭኑ ተቆርጦ ከሚሸጠው ቱቦ አያንስም። ለአራት ዓመቷ አንድ ሙሉ የጎን ግድግዳ ይስጧት፤ የእርሷ ይሁን። አይሲንጉን ሌላ ሰው በነጥብ በነጥብ ያስቀምጥላት፣ እርሷ ከረሜላውን በየነጥቡ ላይ ትጫን። ሁሉንም ቀይ በአንድ ጥግ ብትሰበስበው እጅዎን ይሰብስቡ፤ ማታ ተኝታ ሳለ ማስተካከል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ጠዋት ታውቀዋለች። ክብና ጠጣር ከረሜላ በዚህ ዕድሜ ሊያንቅ ስለሚችል የእርሷ ሳህን ላይ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነውን ብቻ ያድርጉ። በሁሉም ግድግዳ ዳርና ዳር አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተው፤ ማጣበቂያው የሚያርፈው እዚያ ነው።

በኖርዌይ የበርገን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ ከዝንጅብል ብስኩት አንዲት ትንሽ ከተማ ትሠራለች፤ የሕፃናት መዋያ ልጆች የሠሩት የተንጋደደ ቤት ከድርጅቶች ሥራ ጋር በአንድ አዳራሽ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሰው ገብቶ ከተማይቱን አወደማት፤ ነዋሪዎቹ ግን እንደገና ጋግረው መልሰው አቆሟት። ለትንሿ ልጅዎ ይንገሯት፤ ቤት የፈረሰባት እርሷ ብቻ አይደለችም።

ከሰዓት በኋላ ማቆም ነው። መሠረቱ የማይታጠፍ ጣውላ ይሁን፤ ቀጭን ካርቶን ሲነሳ ይታጠፍና መገጣጠሚያውን ሁሉ ይሰነጥቀዋል። የቤቱን ዙሪያ ልክ በእርሳስ ያስምሩ። መጀመሪያ የኋላው ግድግዳና አንዱ ጎን፣ በማዕዘን፤ ሁለት ግድግዳ ከተያያዘ ብቻውን ይቆማል፣ አንድ ግድግዳ ግን ሰው ይፈልጋል። ቀጥሎ ሁለተኛው ጎን፣ በመጨረሻ ፊቱ። የጎን ግድግዳዎቹ ከፊትና ከኋላው መካከል ይገባሉ፤ ንድፉ የተለካው በዚህ አኳኋን ነው። አይሲንጉ ከታችም፣ ከጎንም በወፍራሙ ይሁን፤ ከውጭ የሚታየውን አሳምረው፣ ከውስጥ ደግሞ ማንም ስለማያየው ማዕዘኑን በጣት ጭምር ይሙሉት። ከቤቱ ውስጥና ውጭ የታሸጉ ጣሳዎችን አስደግፈው ይተዉት። ሁለት ሰዓት፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ሦስት። ግድግዳ ከተሰበረባችሁ አትደንግጡ፤ ስብራቱን በአይሲንግ አጣብቃችሁ ከውስጥ በኩል በትርፍ ብስኩት ቁራጭ እንደ ጠጋኝ ወጌሻ አስሩት።

ጣሪያው የሚንሸራተተው ለምን እንደሆነ አሁን ልመለስ። እርጥብ አይሲንግ እስኪደርቅ ድረስ የሚያጣብቅ ሳይሆን የሚያንሸራትት ነገር ነው፤ የጣሪያው ክንፍ ደግሞ በ45 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ከባድ ጠፍጣፋ ነው። ደጋፊ ካላገኘ መውረዱ አይቀርም። በዚያ ላይ ግድግዳው ሳይደርቅ ከተጫነ ጎኖቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። መፍትሔው ከክፈፉ በታች ልክ ከፍታው የሚመጣ ጣሳ ወይም ብርጭቆ በሁለቱም በኩል ማቆም ነው። ከፍታው ካልገጠመ መጽሐፍ ከሥሩ ይደርደር። ሁለቱን ክንፎች በተከታታይ ያስቀምጡ፣ አናታቸው የሚገናኝበትን ክፍተት በአይሲንግ ይሙሉት፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ከጠረጴዛው ይራቅ። ደጋፊዎቹ ጠዋት ይነሣሉ።

በሦስተኛው ቀን ጣሪያውን ስታስጌጡ ከክፈፉ ጀምራችሁ ወደ አናት ውጡ። የከረሜላው ወይም የብስኩቱ ረድፍ ከታች ከተጀመረ እያንዳንዱ ረድፍ ከሥሩ ባለው ላይ ያርፋል፤ ከላይ የተጀመረ ግን የሚደገፍበት የለውም። ክብደቱንም መጥኑ፤ ጣሪያውን ሙሉ በወፍራም አይሲንግና በከረሜላ መሸፈን ፎቶ ላይ ያምራል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ግን መሐሉ ይረግባል። ቀለል ያሉ ስስ ብስኩቶችና የተላጠ የአልመንድ ቁራጭ ጥሩ ክዳን ናቸው፤ በቤታችሁ ወይም በእንግዶቻችሁ መካከል ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ አልመንዱ ይቅር። በክፈፉ የሚንጠለጠለው የበረዶ ዘንግ የ13 ዓመቱ ነው፦ የከረጢቱን አፍ ክፈፉ ላይ ነክቶ ይጫናል፣ ወደ ታች እየሳበ መጫኑን ያቆማል፣ ክሩም ራሱ ቀጥኖ ይበጠሳል። ጥቂት ሲለማመድ ይለምደዋል። ግቢው፣ ዛፉ፣ አጥሩ ላይ ምንም ምክር የለኝም፤ ያ የእናንተ ነው።

ይበላል ወይ ላሉት፣ አዎን ይበላል። ሁሉም ነገር ምግብ ነው። እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይብሉት፤ ከዚያ በኋላ አቧራ ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ ሻጋታም ሊይዘው ይችላል፤ ለጌጥ ከተቀመጠ ለጌጥ ይቅር። እስከዚያው ከፀሐይ፣ ከማሞቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከምግብ ማብሰያ እንፋሎት ያርቁት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባ ሰው በማግስቱ የሚያወጣው እርጥብ ግድግዳ ነው። ውሻ ካላችሁ ቤቱን ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት፤ ቸኮሌትና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው። ብስኩቱ ጠንካራ ስለሆነ ለእናትዎ በትኩስ ሻይ ወይም ወተት ተነክሮ ይቀርብላቸው። ሲፈርስ ጣሪያው ይቅደም፤ ቀጥሎ የማን ግድግዳ እንደሚነሣ ልጆቹ ይዋዋሉ። ስታቆሙት በመገጣጠሚያው ውስጥ የጥርስ እንጨት ሰክታችሁ ከሆነ ስንት እንደነበረ በዚያው ቀን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ማንም ከመቅመሱ በፊት ያንኑ ያህል መውጣቱን ቁጠሩ።